ከ20 ዓመት በላይ የተዘጋ በር

ጌታ ይባረክ! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ጋዋናችሁን እንደለበሳችሁ የመጣችሁ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ሰባኪ ስላልሆንኩ አልጨርሰውም፤ አትጨነቁ።

"ስለ ጽናት ተናገር" ነው የተባልኩት። እውነቱን ለመናገር ይህ ቃል ሲነሳ ትንሽ ይጨንቀኛል። እኛ ቤት ጽናት ብዙ ጊዜ "ጠብቅ፣ ይሆንልሃል" ማለት ሆኗል። መስከረም ሲጠባ "ዘንድሮ የአንተ ዓመት ነው" እንባባላለን፣ አሜን እንላለን። ሰኔ ላይ ግን "ምን ሆነ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያልሆነለት ልጅ ዝም ብሎ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ ዛሬ ስላልሆነለት ሰው ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሂካ ይባል ነበር። በ1850ዎቹ አጋማሽ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ አራት ዓመት ሲሆነው ነው። በኋላ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጠቁት። ከእጅ ወደ እጅ ስምንት ጊዜ ተላለፈ። በመጨረሻ ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና ወደ ስዊድን ሚሲዮን ገባ። በ1872 የፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ ተባለ። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የሚለው ነው፤ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት ያ ባሪያ።

ስዊድን አገር አምስት ዓመት ተማረ። ልቡ ግን ያለው አንድ ቦታ ነበር። አገሬ ልግባ፣ ለወገኔ በቋንቋው ወንጌል ልንገር። ከዚህ የተሻለ ጸሎት አለ? እኔ ብሆን ኖሮ ጌታ በሩን በርግዶ ይከፍትልኛል ብዬ ነበር የምጠብቀው።

በ1881 ከሚሲዮን ባልደረቦቹ ጋር በሱዳን በኩል ተነሱ። ወለጋ ድንበር ላይ ፋማካ ደረሱ። ድንበሩ ላይ! እዚያ በሽታ ጣላቸው። ወደ ካርቱም ተመለሱ። ካርቱም ሲደርሱ ደግሞ የማህዲ አመፅ ተነስቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ሙከራ አደረገ። በ1886 እንጦጦ ድረስ መጣ። ማለፍ አልተፈቀደለትም። እንደገና ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው እምኩሉ ተመለሰ።

የሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ስለ ጳውሎስና አብረውት ስለነበሩት የምትናገር አንድ ቁጥር አለች። "ወደ ቢታንያ ይሄዱ ዘንድ ሞከሩ፥ የኢየሱስ መንፈስም አልፈቀደላቸውም።" ለምን እንዳልፈቀደ ሉቃስ አልጻፈም። ስንት ሌሊት ጢሮአዳ ላይ እንቅልፍ አጥተው እንዳደሩም አልጻፈም።

ኦኔሲሞስ እምኩሉ ላይ ምን ሠራ? መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ። ችግሩ፣ ከቤቱ የተነጠቀው ልጅ ሳለ ነው። የእናቱ ቋንቋ አብሮት አላደገም። ቃል እየጎደለው ተቸገረ። አስቡት፤ ስዊድን ተምሮ የመጣ ሰው የገዛ ቋንቋው ያንሰዋል።

ልክ እሱ ከእንጦጦ በተመለሰበት በ1886 ግን፣ ከባሪያ ጫኝ መርከብ ላይ ነጻ የወጡ ልጆች እምኩሉ መጡ። አንዷ አስቴር ጋኖ ናት። ወደ 14 ዓመት ቢሆናት ነው። የሀገሯ ተረት፣ ዘፈን፣ ምሳሌያዊ አነጋገር ጆሮዋ ውስጥ ትኩስ ነው። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ቃል ሰበሰበች። እሱ የጎደለውን እሷ ይዛ መጣች። (ስሟ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ መቅረቱ ያናድደኛል። ይሄ ግን የሌላ ቀን ንግግር ነው።) አዲስ ኪዳን በ1893 ወጣ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሂካ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። እኛም ሕልም ይፈታል እንላለን፣ የታሰረም ይፈታል እንላለን። ቃሉ ኦሮምኛም ላይ እንደዚያው ነው። እናቱና አባቱ ይህን ስም ሲያወጡለት ምን አስበው እንደሆነ እንጃ።

እሱን እዚህ ላይ ላቁመውና ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ከስምንት ዓመት በፊት የውጭ ስኮላርሺፕ አገኘሁ። ቤተ ክርስቲያን የሽኝት ጸሎት አደረገችልኝ። ሻንጣ ተገዛ። አንድ ኤምባሲ ሁለት ጊዜ ቪዛ ከለከለኝ። ሻንጣው ቁምሳጥን ላይ ወጣ፣ አሁንም እዚያው ነው። "ለጌታ እጄን ሰጥቻለሁ" እያልኩ እጄን አጣጥፌ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጥኩ። መንፈሳዊነት መስሎኝ ነበር። ኩርፊያ ነበር።

ጎረቤታችን ያሉ እማማ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። አንድ ማታ አስጠሩኝና "ሥራ ፈትተህ ከምትቀመጥ መጽሐፍ አንብብልኝ" አሉ። ቁርጥ ያለች ንግግር። ከዘፍጥረት ጀመርን። ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ብዬ ስሮጥ፣ "ቀስ በል ልጄ፣ አውቶቡስ ያመልጥሃል እንዴ?" አሉኝ። የሚያመልጠኝ ነገር እንዳልነበረ ያወቁ ይመስለኛል።

ወደ ኦኔሲሞስ ልመለስ። በ1904 ወለጋ ገባ። ወደ 50 የሚጠጋ ሰው ሆኗል። ባዶ እጁን አልመጣም። በ1881 ድንበሩን ቢሻገር ኖሮ ግን ይህን መጽሐፍ ይዞ አይገባም ነበር። እንግዲህ ደረሰ፣ ተፈጸመ እንዳትሉ። በ1906 ተከሰሰ። ይሰደድ ተባለ። ምኒልክ ውሳኔውን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ግን እንዳይሰብክ አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ጠብቆ፣ የመጣበትን ሥራ ከለከሉት። ምን አደረገ? ነቀምቴ ትምህርት ቤት ገብቶ ልጆች አስተማረ። ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ የሰጡት በ1916 ነው። በ1931 አረፈ።

ተመራቂዎች፣ ከእናንተ ውስጥ ነገ ሥራ የሚያገኝ አለ። ሁለት ዓመት ሲቪ ይዞ የሚዞርም አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አውቃለሁ የሚላችሁም ሰው ቢመጣ አትቸኩሉ። ቤታችሁ ዙሪያ ግን የሚያነብለት ያጣ ሰው ካለ ጠይቁ።

እኔና እማማ ሁለተኛ ዙር ላይ ነን። አሁን ሕዝቅኤል ምዕራፍ 40 ደርሰናል፣ መልአኩ የመቅደሱን በሮች በዘንግ እየለካ ያለበት። እንዝለለው ብላቸው እምቢ አሉ። በር በበር፣ ክንድ በክንድ እያነበብን ነው። ዛሬ ማታም ይጠብቁኛል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ላብቃ። ጌታ ይባርካችሁ።