ምጣዱ፣ ከሰሉና ቆጣሪው፦ ለክረምት ስለ መዘጋጀት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰኔ ሲገባ ወደዚህ ክፍለ ጊዜ የሚደወሉት ስልኮች መልካቸው ይለወጣል። በበጋ ስለ አዲስ መስመርና ስለ ቆጣሪ ዝውውር ይጠይቁን የነበሩ አድማጮች አሁን የሚያነሡት መብራት ጠፍቶ ስለሚበላሽባቸው ሊጥ፣ መብራት ሲመጣ ስለሚቃጠልባቸው ዕቃና ከደመወዛቸው ስለሚያልፈው ወጪ ነው። በዚህ ሳምንት የተነሡትን ጥያቄዎች፣ ሰዓት አጥሮን በአየር ላይ ከሰጠሁት መልስ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ስለ ኑሮ ውድነት የምናገረውም ከቆጣሪውና ከማእድ ቤቱ ተነሥቼ ነው፤ በአብዛኛው ቤት የመብራቱና የገንዘቡ ጉዳይ የሚገናኘውም እዚያው ነው።

ከአየር ጤና የደወሉ አባት፦ «ግድቡ ተመርቋል፣ ውሃውም ሞልቷል። ታዲያ ዝናብ ባካፋ ቁጥር መብራት የሚጠፋብን ስለምን ነው?»

ኃይል ማመንጨትና ያንን ኃይል ቤት ድረስ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በግንቦት 2011 መብራት በፈረቃ የሆነው በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃው ስለቀነሰ ነበር። ያ የማመንጨት ችግር ነው፤ እንዲህ ያለው ችግርም የሚብሰው በበጋው ማብቂያ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይሁን እንጂ ኃይሉ ወደ እርስዎ ቤት የሚገባው በሠፈርዎ ትራንስፎርመርና በምሰሶ ላይ በተዘረጋው ሽቦ በኩል ነው። በክረምት የሚጎዳው ይህ የመጨረሻው መንገድ ነው። ዝናብ የጠገበ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በነፋስ እየተወዛወዘ ሽቦ ይነካል፣ መብረቅ መስመር ይመታል፣ ምሰሶ በረጠበ አፈር ላይ ያዘነብላል፤ ምሽት ላይ ደግሞ ሁሉም ቤት ምጣዱንና ምድጃውን አንድ ጊዜ ሲያበራ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ የራስዎን ብሬከር፣ ከዚያ የጎረቤትን ቤት ይመልከቱ። የጠፋው ከእርስዎ ቤት ብቻ ከሆነ ችግሩ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጥሩ፤ ሠፈሩ በሙሉ ከጨለመ በ905 ያመልክቱ። መሬት የወደቀ ሽቦ ካዩ ግን መብራት የሌለ ቢመስልዎትም እንኳ አይጠጉት። እርጥብ መሬት ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መስመሩም በማንኛውም ሰዓት ሊመለስ ይችላል። ልጆችን አርቀው፣ መንገደኛ የሚያስጠነቅቅ ሰው አቁመው ይደውሉ።

ከጎፋ የደወሉ እናት፦ «ሰባት ቤተሰብ አለኝ። በሳምንት ሦስት ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ እጋግራለሁ። ቢሉ በየወሩ ይጨምራል፤ መብራቱ ደግሞ ልጋግር ስል ይጠፋና ሊጡ ይኮመጥጥብኛል። ምን ላድርግ?»

እናቴ፣ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ይህንን በዝርዝር ልመልሰው።

ብዙዎቻችን ለመቆጠብ ስናስብ እጃችን ወደ አምፖል ይሄዳል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ቢጋግሩ በሳምንት 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል፣ በወር ደግሞ 45 ያህል ነው። በታሪፉ ዝቅተኛው ዋጋ የተመደበው በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። እንግዲህ ምጣዱ ብቻውን ያንን የመጀመሪያ እርከን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለመጣ፣ አጠቃቀምዎ ሳይለወጥ ቢሉ ማደጉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ምጣዱ እስኪግል የሚወስደው ሩብ ሰዓት አንድም እንጀራ ሳይወጣ የሚከፈልበት ጊዜ ነው። ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት ቢያጥፉት አንዱ ማጋያ ይቀርልዎታል። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ሰዓት መምረጥ ነው። ምሽት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ በብዙ ሠፈር ኃይሉ ይደክማል፤ 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ያን ጊዜ የሚሆነውን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፦ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከምጣዱ ይጣበቃል፣ አክንባሎውን ደጋግመው እያነሡ ያያሉ፣ በተነሣ ቁጥርም እንፋሎቱ ይወጣና ሥራው ይረዝማል። ሊጥዎም ጤፍዎም ደኅና ሳሉ በከንቱ ይወቅሷቸዋል። ንጋት ላይ ወይም ከረፋዱ በኋላ፣ ኃይሉ ጠንከር ሲል ቢጋግሩ ያው ሊጥ ባነሰ ሰዓት ያልቃል።

የሊጡ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በክረምት ብርድ ሊጥ ቀስ ብሎ ስለሚቦካ ጊዜው ከእርስዎ ጋር ነው፤ የሚያጣድፈው አብሲቱ ነው። አብሲት ከተጣለበት በኋላ ሊጡ ኩፍ ስለሚል ብዙ አይጠብቅም። ስለዚህ መብራት መኖሩን ሳያረጋግጡ አብሲት አይጣሉ። የቦካው ሊጥ አንድ ቀን ማደር ካለበት ከላይ ያቀረረውን ውሃ ደፍተው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይተኩለት፤ መኮምጠጡን ያዘገየዋል። በሠፈርዎ ምርጥ ምድጃ ያላት ጎረቤት ካለች መብራት ለሚጠፋበት ቀን አስቀድመው ይስማሙ፤ ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር የማገዶውን ወጪ ወደ ግማሽ ያወርደዋል፣ ለሁለት ቤት ሲጋገርበት ደግሞ የበለጠ ያዋጣል።

ከኮተቤ የደወሉ አድማጭ፦ «ማታ መብራት ሲጠፋና ሲበርድ ከሰሉ ውጭ ቀልቶ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ወደ መኝታ ክፍል እናስገባዋለን። ጭስ ከሌለው ጉዳት አለው?»

አለው፤ ገዳይ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ ቃል አለሳልሼ መናገር አልችልም።

ጭሱ አልቆ ፍም የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውን ከእንቅልፉ ሳያነቃ ይገድላል። ጭስ ቢሆን ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነሣል፤ ጭሱ በማለቁ የመጣው መተማመን ነው አደጋው። ቤቱን ደግሞ አስቡት፦ በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ነፋስ እንዳያስገባ በጨርቅ ተጠቅጥቋል፣ ልጆች በአንድ አልጋ ተቃቅፈው ተኝተዋል፣ ምድጃው ከአልጋው ሥር ቀልቷል። እያንዳንዱ ነገር ለልጆቹ ታስቦ የተደረገ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ክፍሉን ወጥመድ ያደርገዋል።

በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካስመለሳቸው ምክንያት አይፈልጉ፤ በሩን ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡና ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ። ለመኝታው ሙቀት ከከሰሉ ይልቅ ፍል ውሃ በፕላስቲክ ኮዳ አድርገው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከብርድ ልብሱ ሥር ያኑሩ። በረንዳ ላይ ወይም በመስኮት ሥር የሚነሣ ጄኔሬተርም ያንኑ ጋዝ ወደ ቤት ያስገባል።

ከአዳማ የደወሉ እኅት፦ «እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። መብራት ግማሽ ቀን ሲጠፋ ኢንሱሊኑ ይበላሽ ይሆን?»

የማቀዝቀዣውን በር ካልከፈቱት ውስጡ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በሩን መክፈት ያቁሙ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እናትዎ የጀመሩት ብልቃጥ ግን በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ዓይነቱ ስለሚለያይ አብሮት ያለውን ወረቀት ያንብቡ ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። አዳማ ስለሚሞቅ አንድ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጠው በመካከላቸው አሸዋ ይሙሉ፣ አሸዋውን ውሃ ያጠጡት፣ ብልቃጡን በላስቲክ አድርገው በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ያኑሩና እርጥብ ጨርቅ ይክደኑበት። ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ሲሆን በደንብ ይቀዘቅዛል። በረዶ ቤት ውስጥ ግን ፈጽሞ አያስገቡት፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ከባሕር ዳር የደወሉ ልብስ ሰፊ፦ «ቤቴ ውስጥ ነው የምሰፋው። ጄኔሬተር ልግዛ ወይስ ባትሪ? መብራት ሲመለስ ደግሞ ዕቃ ይቃጠልብኛል።»

ከመግዛትዎ በፊት በማሽንዎ ሞተር ላይ የተጻፈውን ዋት ያንብቡ። የቤት ውስጥ የስፌት ማሽን 100 ዋት ያህል ነው። 12 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ ብንል 600 ይቀርልዎታል። ማሽኑ ለአራት ሰዓት 400፣ ሁለት አምፖል ለስድስት ሰዓት 108 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚበላው ሲታከል ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል። ለዚህ ያህል ሥራ ነዳጅ እየገዙ ጄኔሬተር ማስነሣት አያዋጣም። በዚሁ ባትሪ ምጣድ ወይም ምድጃ ሊሠራ ይችላል የሚል ሻጭ ካለ ግን አይመኑት፤ ምጣድ ያንን 600 ዋት ሰዓት በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። የፀሐይ ሰሌዳ ካሰቡም በሐምሌና በነሐሴ በደመናው ምክንያት የሚሰጠው ኃይል እንደሚቀንስ ቆጥረው ይግዙ።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ ቀላል ነው፦ መብራት እንደጠፋ ማሽኑን፣ ቴሌቪዥኑንና ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ይንቀሉ፣ መመለሱን ለማወቅ አንድ አምፖል ብቻ ክፍት ይተዉ፣ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው አንድ በአንድ ይሰኩ። ምጣድና ማቀዝቀዣን በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ደግሞ የእሳት ምክንያት ነው።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ ባልና ሚስት መምህራን፦ «ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። ለክረምቱ ምን ገዝተን እናስቀምጥ? ከነሐሴ በኋላ የትምህርት ቤቱም የበዓሉም ወጪ አንድ ላይ ይመጣል።»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዘይትም ሆነ መድኃኒት ከዚያ ጋር ተያይዟል። ይህንን አንድ ቤተሰብ ሊለውጠው አይችልም፤ የሚገዛበትን ወር ግን መምረጥ ይችላል። ጤፍ የሚረክሰው አዲሱ ምርት በሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሲሆን በክረምት ይወደዳል። እንደ ስንዴና በቆሎ ስለማይነቅዝም ለማከማቸት ይመቻል፤ ጆንያው ከመሬት በእንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ዘንድሮ አልፏችሁ ከሆነ አሁን ተበድራችሁ አትግዙ፤ ወለዱ የምታተርፉትን ይበላዋል።

በርበሬና ሽሮ ፀሐይ ሳለ ደርቀው መፈጨት አለባቸው። እርጥበት የገባውና የሻገተ በርበሬ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስለሚይዝ ሻጋታውን አንሥቶ ቀሪውን መብላት አይገባም። ወፍጮ ቤቱም መብራት ሲጠፋ እንደሚቆም አትርሱ፤ የሁለት ሳምንት ዱቄት አስቀድማችሁ አስፈጩ፣ ከዚያ በላይ ግን በክረምት ይሻግታል። ሽንኩርት ስለሚበሰብስ በየሳምንቱ ከሸማቾች ማኅበር ወይም ከእሁድ ገበያ ይገዛ። ከሰል ዝናቡ ሳይጠና፣ አሁኑኑ ይገዛ።

ለመስከረሙ ወጪ ዕቁብ ካላችሁ፣ ዕጣችሁ ቀደም ብሎ ቢወጣም እንኳ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሚደርሰው ሰው ጋር ለመለዋወጥ ዳኛውን ጠይቁ፤ በሐምሌ የተቀበሉት ገንዘብ እስከ ዕንቁጣጣሽ ሳይነካ አይቆይም። ደብተሩና ዩኒፎርሙም ጳጉሜን ላይ ሁሉም ገበያ ሲወጣ ስለሚወደድ፣ በሐምሌ ደመወዝ ግማሹን፣ በነሐሴ ደመወዝ ቀሪውን ግዙ። ጤፉንም ሆነ ከሰሉን ከአንድ ጎረቤት ጋር በኩንታል ገዝታችሁ ብትካፈሉ በኪሎ ከመግዛት ይቀላችኋል።