የሚዳስስ የብረት እጅ

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ የድሬዳዋ ተማሪዎች፤

አባቴ የምድር ባቡሩ ቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ዳዶ ሲያስር መጀመሪያ ወደ ኋላ ያዞረዋል። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ጣቱ ላይ ቀጭ የምትል ነገር ትሰማዋለች፤ የሚያጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። «ዓይንህን ጨፍን፤ ጣትህ ያይልሃል» ይለኝ ነበር።

የፋብሪካ ሮቦት ያቺን ቀጭታ ለብዙ ዘመን አያውቃትም ነበር። ሂድ ወደተባለበት ይሄዳል፤ ዳዶው ጥቂት ከተንጋደደ ግን ጥርሱን በልቶ ያልፋል። መዳሰስን የሰጠው በክንዱና በመያዣው መካከል የሚታሰር ክብ ብረት ነው፤ የኃይልና የጥምዘዛ ሴንሰር። በሦስት አቅጣጫ የሚገፋውን ኃይልና በሦስቱም ዙሪያ የሚጠመዝዘውን ይለካል።

ብረቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ምሰሶዎች ሲገፉ ዓይን በማያየው መጠን ይለጠጣሉ። የተለጠፈባቸው ስትሬይን ጌጅ፣ ማለትም መለጠጥን የሚለካ ስስ ልጣፍ፣ አብሮ ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) ይለወጣል። ለውጡ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚያዘው በዊትስተን ብሪጅ፣ አራት ሬዚስታንሶችን እንደ አራት ክንድ አገናኝቶ በሚያነጻጽር የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ለፈተና ብቻ ሸምድዳችሁ የተዋችሁት ያው ብሪጅ!

አሜሪካዊው ኤቲአይ፣ የጀርመኑ ሹንክ፣ የዙሪኩ ቦታ ሲስተምስ የተባሉ ኩባንያዎች ይህን ሴንሰር ያቀርባሉ። የዴንማርኩ ዩኒቨርሳል ሮቦትስ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ሮቦቶች አንጓ ውስጥ ከፋብሪካው ጀምሮ ተክሎታል። በእኔ እምነት የሙያው ከባዱ ክፍል ብረቱን መቅረጽ ሳይሆን ልኬቱን ማስተካከል ነው። ወደ ታች ስትጫኑት ወደ ጎን የተገፋ መስሎ ያነባል፤ ይህ በስሌት መለየት አለበት። ሙቀትም ብረቱን ያሰፋዋል፤ ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ከዜሮ ይሸሻል። የድሬዳዋን የግንቦት ቀትር ለምታውቁ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። አራቱንም የብሪጁን ክንዶች በጌጅ መሥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሁሉም እኩል ሲሞቁ ለውጡ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች፣ ብረትን በእጇ የምታውቅ ከተማ ናት። ይህ ሙያ ከእኛ ሩቅ ነው ሲባል የምቆጨው ስለዚህ ነው። ቀፊራ ገበያ ሸቀጥ በሚመዘንበት በኤሌክትሪክ ሚዛን ሆድ ውስጥ ያው ጌጅ፣ ያው ብሪጅ አለ፤ የሚለካው ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከአንዱ ጀምሮ ወደ ስድስቱ፣ ማለትም ወደ ሦስቱ ግፊትና ወደ ሦስቱ ጥምዘዛ፣ መሄድ ይቻላል።

ከተበላሸ ሚዛን ፈትቼ ያወጣሁትን የአልሙኒየም ዘንግ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼዋለሁ። መሐሉ የተበሳ ነው፤ ጌጆቹ ነጩ ማጣበቂያ ሥር ናቸው። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ኑ፤ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑትና ቁጥሩን ተመልከቱ።