36 ሰው አስወጥቶ የተሸነፈው ወርዋሪ፦ የቤዝቦል አሰልጣኙ ለአድማጮች የሰጡት መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች የተነሱት እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1959 ሚልዋኪ ላይ ከተደረገው የፒትስበርግ ፓይሬትስና የሚልዋኪ ብሬቭስ ጨዋታ ነው።

የፓይሬትሱ ወርዋሪ ሃርቪ ሃዲክስ 12 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በተራ የሚመቱበት ዙር) ሙሉ አንድም ሰው ቤዝ (ሯጮች የሚረግጡት ማረፊያ) ሳያስረግጥ እንዴት ተሸነፈ?

ቡድኑ አላገባለትማ! ፓይሬትስ 12 ሂት (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት) ቢያገኙም ሁሉም የአንድ ቤዝ ነበሩ፤ የብሬቭሱ ሉ በርዴት 13ቱንም ኢኒንግ ወርውሮ ነጥብ አልሰጠም። በ13ኛው የፓይሬትሱ ዶን ሆክ የብሬቭሱን መቺ የፊሊክስ ማንቲያን ኳስ አንስቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲወረውር ሳተ፤ ማንቲያም አንደኛን ረገጠ። ኤዲ ማቲውስ በበንት (ኳሱን በዱላ ለስለስ አድርጎ በመንካት) ማንቲያን ወደ ሁለተኛ አሻገረው። አንደኛ ቤዝ ባዶ ስለነበር ሃንክ አሮንን ሆን ብለው ሳይመታ ወደ አንደኛ ቤዝ አሳለፉት። ቀጥሎ የመጣው ጆ አድኮክ ኳሱን ከአጥር አሻገረው።

አጥር ካለፈ ውጤቱ ለምን 1 ለ 0 ሆነ?

አሮን ኳሱ አጥር ውስጥ የወደቀ መስሎት፣ ማንቲያ ሲገባ ጨዋታው አበቃ ብሎ ሁለተኛን ረግጦ መንገዱን ለቀቀ። አድኮክ ቀድሞት ሄደ። ከፊትህ ያለውን ሯጭ ካለፍክ ወጥተሃል፤ ስለዚህ ሆም ራኑ (መቺውና ቤዝ ላይ ያሉት ሁሉ ነጥብ የሚያስገቡበት ምት) ቀርቶ የሁለት ቤዝ ምት ተባለ። በማግስቱ የሊጉ ፕሬዚዳንት ዋረን ጃይልስ ውጤቱን 1 ለ 0 ብለው አጸኑት። ልጆች፣ ዳኛው ሳይበይን ቤዝ አትልቀቁ።

ፍጹም ጨዋታ (ወርዋሪው አንድም ተጋጣሚ ቤዝ ሳያስረግጥ የጨረሰው) ተብሎ ተመዝግቧል?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ትርጉም ጨዋታው እስኪያልቅ ሂት መኖር የለበትም።

ሃዲክስ ጉንፋን ይዞት ያን ያህል ከወረወረ፣ የ11 ዓመት ልጄ ቅዳሜ ለአንድ ቡድን፣ እሁድ ለሌላ ቢወረውር ምን አለበት?

እህቴ፣ አደራ! ሃዲክስ 33 ዓመቱ ነበር፤ አጥንቱ እድገቱን ጨርሷል። የልጅዎ ክርን ውስጠኛው ጎን ላይ ግን አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል ገና አልደነደነም። አዋቂ ላይ ጅማቱ ሲበጠስ፣ ልጅ ላይ ይህ ክፍል ከአጥንቱ ይላቀቃል። ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል ድርጅት) ለ11 እና 12 ዓመት በቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቅድም። 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ያርፋል፤ ከ51 እስከ 65 ከሆነ 3 ቀን፤ ከ36 እስከ 50 ከሆነ 2 ቀን፤ ከ21 እስከ 35 ከሆነ 1 ቀን። ታዲያ የቅዳሜው አሰልጣኝ የእሁዱን አያውቅም፤ የማሟሟቂያውን ውርወራ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ቆጣሪዋ እርስዎ ይሁኑ። ቀኑን፣ ቡድኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፈው ለሁለቱም አሰልጣኞች ያሳዩ። ክርኑ ከትከሻው ዝቅ ማለት ከጀመረ ወይም ኳሱ ሽቅብ ከሄደበት፣ 40ም ቢሆን ያስቁሙት። ወርውሮ ሲያበቃ ካቸር (የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበለው) ሆኖ አይቀመጥ፤ እሱም ወርዋሪ ነው፣ ኳሱን ሁሉ ይመልሳል። በዓመት ቢያንስ 4 ወር ደግሞ ከውርወራ ይረፍ።

አሮንን ለምን አሳለፉት? አድኮክስ ደካማ መቺ ነበር?

ደካማ አልነበረም። አሮን አንደኛ ቤዝ ላይ ከሆነ በአንድ ምት ሁለት ሰው ማስወጣት ይቻላል፤ ያን ፈልገው ነው።

ልጄን ከጨዋታ በኋላ ክርኑን ያመዋል፤ በረዶ ይበቃዋል?

አይበቃም። በረዶ ሕመሙን ቢያደነዝዘውም የተላቀቀውን አይመልስም። የማስታገሻ ክኒን ሰጥተውም ወደ ሜዳ አይመልሱት። ውርወራውን ዛሬውኑ ያስቁሙና የስፖርት ሕክምና ወይም የሕጻናት አጥንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ደብተሩንም ይዘው ይሂዱ።