ወገኖችሽ እነማን ናቸው?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳውም መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ቤት ውስጥ ልጆቹ አሉ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ባሌ ደግሞ ዕቃ ሲያጥብ ይዘፍናል። ስለዚህ ጋራዥ ገብቼ መስኮቱን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ሳለከልክ ከሰማችሁኝ ሙቀቱ ነው።

የማወራችሁ ስለ ባሌ ቤተሰቦች ነው። ባሌን አስፈቅጃለሁ። አማቴ አማርኛ ስለማይሰሙ አላስፈቀድኳቸውም።

ባሌ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የጆርጂያ ልጅ። ጆርጂያ ስል ግን አትላንታን እንዳታስቡ። ክላርክስተንን፣ ዲኬተርን፣ እንጀራ በየሱቁ የሚሸጥበትን ሰፈር ማለቴ አይደለም። በአይ-75 ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ፤ ሜከን ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ጥድ ነው። ጥድ፣ ጥድ፣ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና ጥድ። አፈሩ ቀይ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ነጭ ጫማ አድርጌ ነበር፤ ያ ጫማ እስከ ዛሬ ነጭ አልሆነም።

ከመኪናው ስወርድ አያቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍላሉ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰዉ ሁሉ የሚጠራቸው ግን «ቢግ ማማ» እያለ ነው። ያኔ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ስሜን አልጠየቁኝም። ሥራዬንም አልጠየቁኝም። «ወገኖችሽ እነማን ናቸው?» አሉኝ።

አሜሪካ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ምን እንደምሠራ ስንቱ ጠይቆኛል። እንግሊዝኛ የት እንደተማርኩም ጠይቀውኛል። የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። በዚያች ሰዓት ጎጃም ያለችው አክስቴ መስለውኝ ሳቄም እንባዬም መጣ። ቢግ ማማ የአተሩን ሳህን ወደኔ ገፋ አድርገው «ቁጭ በይና ንገሪኝ» አሉ። እየፈለፈልኩ ነገርኳቸው።

ያንኑ ጥያቄ አባቴም በስልክ ጠይቀውኝ ነበር። ስለ እሱ ማለቴ ነው። «ጥሩ ልጅ ነው ብለሻል፤ ይሁን። ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። «አባባ፣ እሱ የጆርጂያ፣ እኔ የደብረ ማርቆስ፣ በየት በኩል ልንዛመድ ነው?» ብላቸው፣ «ዝምድናውን ፈርቼ አይደለም፤ ማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው» አሉኝ።

እሺ፣ ይቆጠር ተባለ። የባሌ አክስት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የቤተሰቡን ነገር ሁሉ በወፍራም ፋይል ይዘዋል። እሳቸው አወጡልን። ባሌ አንድ፣ አባቱ ሁለት፣ አያቱ ሦስት፣ ቅድመ አያቱ አራት። አምስተኛው እ.ኤ.አ. በ1870 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ላይ አለ፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ነው። ስድስተኛው የሕፃኑ አባት ነው። ዕድሜ 31። ሥራ፣ የእርሻ ጉልበተኛ። ማንበብ አይችልም። መጻፍ አይችልም። እዚያ ላይ ቆመ።

ለምን ቆመ? ያ ቆጠራ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ሁሉ እንደ ማንኛውም ሰው በስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት በ1850 እና በ1860 የባሮች መዝገብ ለብቻው ነበር። እዚያ የሚጻፈው የጌታው ስም ነው። ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። አክስቱ የ1860ውን ገጽ ኮፒ አሳዩኝ። አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይሄ ይሆናል» አሉ። ወንድ፣ 21፣ ጥቁር። በቃ፣ ይሄው ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሰዎች በጋዜጣ ይፈላለጉ እንደነበርም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ክርስቲያን ሪኮርደር የሚባል የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ነበር። እናቴን እንዲህ ባለ ዓመት፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ሸጠዋት ነበር፣ ያለችበትን የሚያውቅ ካለ፣ እያለ ስንቱ አስነግሮበታል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው። ረጅም ዝምታ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ማለት ጀምሬ ነበር። «ስድስት ከደረሰ አንድ ነው የጎደለው» አሉ። «ሰባተኛውን አዳም በሉትና ይቆጠርለት።»

እንዲህ ነው የተጋባነው።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። አሜሪካ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃሽንም በስሙ ነው የምትጠሪው። እኔም የሠለጠንኩ መስሎኝ፣ በመጀመሪያው ወር እራት ላይ አማቴን በስማቸው፣ ባዶውን፣ ጠራኋቸው። ሹካው ሁሉ ቆመ። ባሌ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ለካ ደቡቦች ዘንድ ታላቅ ሰው ከስሙ በፊት «ሚስ» ወይም «ሚስተር» ይጨመርለታል። ልክ እንደኛ እትዬ፣ እንደኛ ጋሼ። «አዎ» ብቻ ብሎ መመለስም ነውር ነው፤ «የስ ማም» ነው የሚባለው። አንቱታ ነው እኮ! አገሬ ጥዬው የመጣሁት አንቱታ ጥዱ ውስጥ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ቢግ ማማ በማግሥቱ ነገሩን አስረዱኝ። እሳቸው ልጅ ወልደው፣ ቤት ሠርተው፣ ሱቅ ሲገቡ የባለሱቁ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በባዶ ስማቸው ትጠራቸው ነበር። እሳቸው ግን ልጅቷን «ሚስ» ማለት ነበረባቸው። ሲያረጁ ደግሞ «አንቲ»፣ አክስቴ እንደ ማለት። ከገዛ ወንድም ልጅ አፍ ሲወጣ የሚጣፍጥ ቃል፣ ከነጭ አፍ ሲመጣ ስድብ ነበር። ሜሪ ሃሚልተን የምትባል ታጋይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 አላባማ፣ ጋድስደን ከተማ ፍርድ ቤት ቀርባ ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ብሎ ጠራት። ሚስ ሃሚልተን ካላልከኝ አልመልስም አለች። አምስት ቀን እስርና 50 ዶላር ተፈረደባት። በ1964 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። ለአንዲት «ሚስ» እዚያ ድረስ ተሂዷል። እኔ ደግሞ እራት ላይ፣ ጨው ለማስቀበል ስል ጣልኳት።

ወደ ነሐሴ ልውሰዳችሁ። ቤተሰቡ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይሰበሰባል። ለምን በዚያ ሙቀት አልኩኝ። ድሮ ጥጡ ታርሞ አልቆ ለቀማው ሳይጀመር የሚተርፍ ጊዜ እሱ ብቻ ስለነበር ነው። ጥጡ ቀረ፣ ቀኑ ግን አልቀረም። ከዲትሮይት ይመጣሉ፣ ከቺካጎ፣ ከፊላዴልፊያ። እ.ኤ.አ. ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር ሕዝብ ከደቡብ ወጥቷል፤ የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለብሳል። የመጀመሪያው ዓመት ሐምራዊ ነበር፤ ጀርባው ላይ ዛፍ አለ። መዋጮ አለ። ገንዘብ ያዥ አለች፣ ደብተር ይዛ ያልከፈለውን በስሙ ትጠራለች። የኛ ዕድር ዳኛ ቢያያት ይቀጥራት ነበር።

ያ ሳምንት ለኔ ምን መሰላችሁ? ፍልሰታ! ጠረጴዛው ላይ ያለውን ልቁጠርላችሁ። የተጠበሰ ዶሮ፣ የአሳማ ጎድን፣ ማካሮኒ በቺዝ። የበቆሎ ዳቦው እንኳን እርጎና እንቁላል አለበት። ዓርብ ማታ ዓሣ ይጠበሳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ እናቴ ትሰማኛለች።

ጠዋት ኩሽና ስገባ ቢግ ማማ ጎመን እያጠቡ ነው። ኮላርድ ይሉታል፤ እኛ እዚህ ለጎመን የምንገዛው ያንኑ ነው። ሦስት ጊዜ አጠቡት። ከሥር አሸዋ እንዳይቀር በጣታቸው የገንዳውን ወለል ይዳስሳሉ። ከዚያ ቅጠሉን ደራርበው፣ ጠቅልለው ያዙና በቀጭኑ መክተፍ ጀመሩ። ቆሜ ቀረሁ። የእናቴ እጅ ነው። አውራ ጣቱ የሚታጠፍበት ሁሉ። ሳልጠየቅ ቢላዋ አንስቼ ሌላውን እስር ጠቀለልኩ። እጄን አዩ፣ የራሳቸውን አዩ፣ «ህም» አሉ። ያችን «ህም» ልትሰሟት ይገባ ነበር።

ድስቱ ውስጥ ግን የአሳማ ቁርጭምጭሚት ይገባል፤ ያለሱ ጎመን አይባልም። መጾሜን ነገርኳቸው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እስከ ቀን ድረስም ምንም። «ታመሻል?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ሲገባቸው ትንሽ ድስት አወጡ፣ ዘይትና ሽንኩርት አስገቡ፣ ክዳኑ ላይ በፕላስተር የኔን ስም ጽፈው ለጠፉ። አንዱ የአጎት ልጅ ሊከፍተው ሲል በማማሰያ እጁን መቱት። እኔ ጎመኔንና በጨው ውሃ ከነቅርፊቱ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ስበላ ዋልኩ። ኦቾሎኒው የጆርጂያ ነገር ነው፤ ሞክሩት።

የፕላስተሩ ነገር በኋላ ነው የገባኝ። አማቼ ሲሞቱ ሰዉ ሁሉ ምግብ ይዞ መጣ፤ እዝን ነው በቃ። በየትሪው ሥር ስም የተጻፈበት ፕላስተር አለ። ኀዘኑ ሲበርድ ትሪው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ባዶውን ግን አይመለስም።

መሬቱስ? ከበረንዳው ጀርባ 38 ኤከር አለ። ያ በ1870 ሕፃን የነበረው ሰውዬ አድጎ፣ በጥጥ ገንዘብ የገዛው ነው። ሳይናዘዝ ሞተ። ልጆቹም ሳይናዘዙ። ስለዚህ መሬቱ የሁሉም ነው፤ ይሄኛው ጥግ ያንተ፣ ያኛው የሷ ብሎ ነገር የለም። ይህ አደጋ አለው። አንዱ ዲትሮይት ያለ ዘመድ ድርሻውን ለባዕድ ከሸጠ፣ ያ ባዕድ ፍርድ ቤት ሄዶ ሁሉም ይሸጥ ማለት ይችላል። ስንት ጥቁር ቤተሰብ መሬቱን ያጣው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ከ900 ሺህ በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ ዛሬ 50 ሺህ አይሞሉም። ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም፣ ዕዳው አለ፣ ማስፈራራቱ አለ፣ ስደቱ አለ። ጆርጂያ ከ2013 ጀምሮ ለዘመዶች ድርሻውን ቀድሞ የመግዛት መብት የሚሰጥ ሕግ አላት። የገንዘብ ያዥዋ መዋጮም አንዱ ሥራው የመሬቱን ግብር መክፈል ነው።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ሳይነሱ አልቀሩም። «ርስት ነዋ!» አሉ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ!» አባቴ የአያታቸውን ርስት እስከ 1967 ዓ.ም. አርሰዋል። ከአዋጁ በኋላ ማረሳቸው አልቀረም፤ «ርስቴ» ማለቱ ነው የቀረው። «በይ ለወንዶቹ ንገሪያቸው» አሉኝ፣ «እንዳይሸጡ።» ቲሸርት ለባሾቹ የደብረ ማርቆስ ትዕዛዝ ደርሷቸዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢግ ማማ ጠሩኝ። ጭናቸው ላይ ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ ተከፍቷል። በብሉይና በሐዲስ መካከል ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት የሚጻፍባቸው ገጾች አሉ። ከላይ ያ የ1870ው ሰውዬ። ከእሱ በላይ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቷል። ለምን እንደተተወ አልጠየቅኩም። እሳቸውም አላሉም።

«ያንቺን ወገን ልጽፍ ነው፤ ቁጠሪ» አሉኝ፣ እስክሪብቶውን ከፍተው።

ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ። አምስተኛው ላይ ተያዝኩ። ምላሴ ላይ አለ፣ አይመጣም። ስድስተኛውማ ጭራሽ። ከአንድ ዓመት በፊት ባሌን ቁጠር ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ቢግ ማማ እስክሪብቶውን እንደያዙ ይጠብቃሉ።

ደወልኩ። አገር ቤት ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር። አባባ ተኝተው ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ብድግ ሲሉ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መጽሐፉ አጠገብ አስቀመጥኩት። አንድ በአንድ ይጠራሉ። እኔ ቀስ ብዬ እደግማለሁ። ቢግ ማማ ይጽፋሉ። አምስተኛው ስም ውስጥ ጠ አለች፤ በየትኛው ፊደል እንደምትጻፍ እኔም አላውቅ። ቢግ ማማ መጻፉን ተዉትና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ስሙን ጮክ ብለው ሞከሩት። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ተቃረቡ።

አባባ ዝም አሉ። «ማናቸው እኒያ፣ ቅድመ አያቴን የሚጠሩት?»

«ቢግ ማማ ናቸው» አልኳቸው።

«ይድገሙልኝ።»

ደገሙላቸው።