ማይል ይሻላል ወይስ የሆቴል ነጥብ? የጎጃም አድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወሉልን ሦስት አድማጮች ከጎጃም ናቸው። ሦስቱንም ያሳሰባቸው አንድ ነገር ነው፦ ለመዝናኛ ጉዞ የአየር መንገድ ማይል ይጠራቀም ወይስ የሆቴል ነጥብ? ማይል አየር መንገድ ለሚበር ደንበኛው፣ ነጥብ ደግሞ ሆቴል ለሚያድር ደንበኛው የሚመዘግብለት ሽልማት ነው፤ ሲጠራቀም በትኬት ወይም በአዳር ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነጋዴ ነኝ። በወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ እበራለሁ፤ በዓመት አንዴ ዱባይ ለዕቃ እሄዳለሁ። በሚጠራቀመው ባለቤቴን ላዝናናት አስቤያለሁ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ማይል። መጀመሪያ ግን "አዲስ አበባ ሲገቡ የት ያድራሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ወንድሜ ቤት" አሉኝ። እንግዲህ ነገሩ እዚሁ አለቀ። የሆቴል ነጥብ የሚገኘው ሆቴል ሲያድሩ ነው፤ ያውም የዚያው ድርጅት ሆቴል ሲሆን። የእኛ ሰው ደግሞ ዘመድ እያለው ሆቴል አያድርም። ይሄ ደግሞ ደግ ልማድ ነው፤ ነጥብ ፍለጋ ብለው እንዳይተዉት።

በረራው ግን አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ማጠራቀሚያ በሆነው ሼባ ማይልስ ውስጥ በነፃ ይመዝገቡ። ትኬቱን ከትኬት ቢሮ ቢገዙም የአባልነት ቁጥርዎን ማስገባት ይቻላል። ትልልቆቹ የሆቴል ድርጅቶች ግን በሌላ ድረ ገጽ ለተያዘ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ አይሰጡም። አየር መንገዳችን ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስታር አላያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ በተርኪሽ ወይም በሉፍታንዛ ቢበሩም ማይሉን ወደዚሁ ማስገባት ይችላሉ። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ርካሽ ትኬት የሚያስገኘው ማይል ያንሳል። በማይል የተቆረጠ ትኬትም ቢሆን ታክስና ሌሎች ክፍያዎች አሉት፤ ያንን ገንዘብ ከአሁኑ ለይተው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁ። ልጄ ትኬት ልካልኝ ዋሽንግተን ደርሼ መጣሁ። ማይሉ የእሷ ነው የእኔ?

መልስ፦ የእርስዎ ነው፣ እናቴ። ማይል የሚገባው ለተሳፈረው ሰው እንጂ ለከፈለው አይደለም። ይሄን ባለማወቅ ስንት እናትና አባት አሜሪካ ደርሰው ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ ሳስብ ያንገበግበኛል። የመሳፈሪያ ካርድዎን ጥለውት እንደሆነ ሻንጣው ኪስ ውስጥ ይፈልጉት። ጊዜው ካላለፈ ያለፈውን በረራ ማስመዝገብ ይቻላልና ነገ ዛሬ ሳይሉ አየር መንገዱን ይጠይቁ።

ሆቴል ላይ ደንቡ ለየት ይላል። ሒልተንና ማሪዮት በሚባሉት የሆቴል ድርጅቶች ጋ አባሉ ራሱ እዚያው አድሮ ከከፈለ፣ እስከ ሦስት ክፍል ድረስ ነጥቡ ለእሱ ይገባል። ለቤተሰብ ይሄ ደህና ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ በአንድ ድርጅት እሠራለሁ። ለስብሰባ አዲስ አበባ በመኪና ስሄድ ማሪዮት ስር ያለ ሆቴል ያሳድሩኛል። ነጥቡን ወደ ማይል ልቀይረውና ለጫጉላ ሽርሽር ልብረርበት?

መልስ፦ አንተ ጋ መልሱ ይገለበጣል። በመኪና ነው የምትመላለሰው፤ ማይል ከየት ይመጣል? አዳሩ ግን አለህ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ክፍሉን በምን መንገድ እንደሚይዝ አጣራ፤ በወኪል ከሆነ ነጥቡ ላይገባልህ ይችላል።

መቀየሩን ግን አልመክርህም። ከአብዛኞቹ አየር መንገዶች ጋር 3 ነጥብ የሚመነዘረው በ1 ማይል ነው። ብዙዎቹ የማሪዮት ሆቴሎች ለ1 ዶላር 10 ነጥብ ስለሚሰጡ 1,000 ዶላር ተከፍሎ 10,000 ነጥብ ታገኛለህ፤ ሲመነዘር 3,333 ማይል ብቻ ነው። ነጥቡን ለአዳር አውለው። ማሪዮት ጋ በነጥብ አምስት ሌሊት በተከታታይ ስትይዝ የአራቱን ነው የምትከፍለው። ለጫጉላ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ነጥቡ 24 ወር ምንም ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ይጠፋል። ሠርግህ ሩቅ ከሆነ በመሃል አንድ አዳር አስመዝግብ።