ነጩን ወረቀት ስለ መጠበቅ፦ በአልኮል ማርከር ሥዕል መቀባት ለሚጀምሩ የባሕር ዳር ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ሠልጣኞች፤

በአልኮል ማርከር ሥዕል የመቀባት ሥልጠና ዛሬ በባሕር ዳር ሲጀመር የመክፈቻውን ንግግር እንዳደርግ ስለ ተጋበዝሁ አመሰግናለሁ። ከእናንተ መካከል የልብስ ንድፍ የሚማሩ፣ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል ለመሥራት ያሰቡ፣ እንዲሁም ሥዕልን ስለሚወዱ ብቻ የመጡ አሉ። በበር ስትገቡ ግን ከሁላችሁም የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም «ስንት ቀለም ልግዛ?» የሚል ነው። መልሴን ሳላቆይ ልናገር፦ ጥቂት ግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለወረቀት አውሉት። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ መግለጥ ይኖርብኛል።

በማርከሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ማቅለሚያ የሟሟበት አልኮል ነው። ጫፉ ወረቀቱን ሲነካ አልኮሉ ማቅለሚያውን ይዞ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፤ ከዚያም አልኮሉ በፍጥነት ሲተን ማቅለሚያው ብቻውን ይቀራል። ውሃ ወረቀትን እንደሚያጨማድደው አልኮል አያጨማድደውም፤ ለዚህም ነው ንድፍ ሠሪዎች የሚወዱት። ነገር ግን ቀለሙ አሳላፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም። ቢጫን በሰማያዊ ላይ ብትደርቡ የምታገኙት አረንጓዴ እንጂ ቢጫ አይሆንም። በዘይት ቀለም ወይም በአክሪሊክ የሠራ ሰው የጠቆረውን በነጭ ሸፍኖ ማስተካከል ለምዷል፤ በማርከር ግን ብርሃኑ የሚመጣው ከወረቀቱ ራሱ ስለሆነ አንድ ጊዜ የተቀባ ስፍራ ወደ ነጭነቱ አይመለስም። ነጭ ጄል እስክርቢቶ በመጨረሻ ላይ ለዐይን ብልጭታ ወይም ለጌጥ ነጥብ ያገለግላል፤ ሰፊ ብርሃንን ሊተካ ግን አይችልም። ስለዚህ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና የትኛው ስፍራ ሳይነካ እንደሚቀር የሚወሰነው የማርከሩ ክዳን ከመከፈቱ በፊት ነው።

ይህን ከሀበሻ ቀሚስ አብልጦ የሚያስተምር ነገር አላየሁም። ጀማሪ ነጭ ልብስ ሲገጥመው ወይ ምንም ሳይቀባ ይተወዋል፣ ወይ ሙሉውን በግራጫ ያዳርሰዋል። በመጀመሪያው ልብሱ ገላ የሌለው ጠፍጣፋ ነገር ይሆናል፤ በሁለተኛው ደግሞ ያልታጠበ ይመስላል። ነጠላ ከትከሻ ወደ ክንድ ሲወርድ የሚፈጥራቸውን እጥፋቶች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያርፍበት ጀርባ አላቸው፣ ብርሃን የማይደርስበት ጎድጓዳም አላቸው። ግራጫው የሚገባው በጎድጓዳው ብቻ ነው፤ እርሱም ካላችሁ ግራጫ ሁሉ እጅግ ፈዛዛው መሆን አለበት። ግራጫ ማርከር ወደ ቡናማ የሚያደላ ሞቃት፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ተብሎ ይሸጣል። የምትሥሏት ሴት በሐይቁ ዳር በጠራ ሰማይ ሥር ቆማ እንደሆነ የልብሷ ጥላ ከሰማዩ ሰማያዊነት ስለሚወስድ ቀዝቃዛው ይስማማዋል፤ በቤት ውስጥ በቢጫ አምፖል ሥር ተቀምጣ ቡና የምታፈላ ከሆነች ግን ሞቃቱን ምረጡ። ጥለቱ ሁልጊዜ የመጨረሻ ሥራ ይሁን፤ አጠገቡ ያለው ወረቀት ገና እርጥብ ሳለ ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ብታስነኩት ቀለሙ ወደ ነጩ ይሮጣል፣ ያንን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። አብዛኛው ተማሪ ጥለትን በማስመሪያ እንደ ተሰመረ ቀጥ አድርጎ ይሥለዋል፤ ልብሱ ሲታጠፍ ጥለቱም አብሮ መታጠፍ፣ በእጥፋቱ ውስጥም ሲገባ አንድ ደረጃ መጥቆር አለበት። ለዚህ ሌላ ማርከር አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ሲደርቅ በዚያው ማርከር ሁለተኛ ጊዜ መደረብ ይበቃል።

ስለ ቆዳ ቀለምም ጥቂት ልበል። በኢንተርኔት ላይ የሚገኙት የማርከር ትምህርቶች አብዛኞቹ የነጮችን ፊት መነሻ ያደረጉ ናቸው፤ ከዚያ የተማሩ ወጣቶቻችንም የገዛ እናታቸውን ጉንጭ ሮዝ ሲያደርጉ አያለሁ። በእኛ ፊት ላይ ግን ብርሃን ያረፈበት ስፍራ ነጭ ሳይሆን ሞቃት ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ ስለዚህ ፊቱን በሙሉ በእርሱ አልብሱና ከዚያ መካከለኛውን ቡናማ ጨምሩ። ከአገጭ ሥርና ከሻሹ ጠርዝ በታች ላለው ጥላ ፈዛዛ ወይን ጠጅ አስቀድማችሁ አኑራችሁ ቡናማውን በላዩ ብታሳልፉ፣ ጥቁር ጨምራችሁ ከምታገኙት የሞተ ቀለም የተሻለ ሕይወት ያለው ጥላ ይወጣል። ጥቁር ማርከርን ለፀጉር እንኳ በቁጠባ ተጠቀሙበት።

ሁለት ቀለሞችን ማዋሃድ ብዙዎች የሚፈሩት ክፍል ነው፤ ነገሩ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። አልኮል የደረቀውን ማቅለሚያ እንደገና ያሟሟዋል። ፈዛዛውን በሙሉው ስፍራ ላይ ቀቡ፤ ሳይደርቅ ጥቁረት ያለውን በጥላው በኩል አኑሩ፤ ከዚያ ሁለቱ በተገናኙበት ድንበር ላይ ፈዛዛውን መልሳችሁ አሳልፉ። ድንበሩ ይሟሟል። በዚህ ከተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት፣ በተለይም የሐይቁ ነፋስ በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ አልኮሉ ከምትጠብቁት ፈጥኖ ስለሚተን ሰፊ ሰማይን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትሞክሩ፤ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ፣ የቀለሙ ጫፍ ሳይደርቅ እየቀጠላችሁ ሂዱ። በሥዕል ላይ የሚታየው ዝንጉርጉር መስመር የሚመጣው የደረቀ ጠርዝ ላይ እርጥብ ቀለም ሲደረብ ነው።

በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው ኮፒክ የተባለው የጃፓን ማርከር ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ነበር። ቶነርን፣ ማለትም የፎቶ ኮፒ ማሽን የሚያትምበትን ቀለም፣ ስለማያሟሟ ንድፍ ሠሪዎች ኮፒ ያደረጉትን ሥራ መስመሩ ሳይበላሽ ሊቀቡበት ችለዋል። ስኬች የተሰኘው ዓይነቱ 358 ቀለሞች አሉት። ይህን ቁጥር የሚሰማ ጀማሪ ልቡ ይከዳዋል፤ ግን ከቁጥሩ ይልቅ መለያ ቁጥሮቹን ማንበብ ይጠቅማል። ፊደሉ የቀለሙን ቤተሰብ ይናገራል፤ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ዝቅ ሲል ቀለሙ ንጹሕና ደማቅ፣ ከፍ ሲል ወደ ግራጫ ያዘነበለ ነው፤ የመጨረሻው አኃዝ ከ0 ወደ 9 ሲሄድ ቀለሙ ከፈዛዛ ወደ ጥቁረት ይሄዳል። ስለዚህ በላቲን ፊደል E የተጻፈባቸው ኢ 33፣ ኢ 35 እና ኢ 37 የአንድ ቤተሰብ ሦስት ደረጃዎች ስለሆኑ ያለ ችግር ይዋሃዳሉ። እንደ ኦሁሁ ያሉት ርካሽ ማርከሮች ቁጥራቸው ሌላ ነው፤ መርሑ ግን በሁሉም ዘንድ ይሠራል፤ ከሠላሳ የተበታተኑ ቀለሞች ይልቅ በሦስት ሦስት የተቆራኙ አራት ቤተሰቦች ይበልጣሉ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ለፎቶ ኮፒ የሚሸጠው 80 ግራም ወረቀት ቀለሙን ይጠጣዋል፤ መስመሩን አልፎ ይንሰራፋል፣ በጀርባውም ወጥቶ ጠረጴዛውን ይቀባል። ለማርከር የተዘጋጀው ወረቀት 70 ግራም ገደማ ሆኖ ከእርሱ ቢሳሳም ቀለሙን በላዩ ላይ ይይዛል፤ ልዩነቱ ያለው በወረቀቱ አሠራር እንጂ በክብደቱ አይደለም። እርሱ ካልተገኘ ለስላሳ፣ ወፍራምና ነጭ ካርቶን ፈልጉ፤ ከመግዛታችሁም በፊት ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ በጠርዙ ላይ አንድ ነጥብ ሞክሩ። ከሥሩ ሁልጊዜ ሌላ ወረቀት አንጥፉ። መስመሩን ደግሞ በተለመደው እስክርቢቶ አትሥሩ፤ ቀለሙ በአልኮል ስለሚሟሟ ፊቱን ሁሉ ሰማያዊ ያደርገዋል። እንደ ፒግማ ማይክሮን ያሉ በውሃ ላይ የተመሠረቱ ቀጫጭን ብዕሮች፣ በደንብ ከደረቁ፣ አይነቃነቁም። የእርሳሱን መስመር አስቀድማችሁ አጥፉ፤ አለበለዚያ ጫፉን ያቆሽሻል።

ብዙዎቻችሁ ጣናን መሣል እንደምትፈልጉ እገምታለሁ። እባካችሁ ሰማያዊውን ማርከር ከማንሣታችሁ በፊት ወጥታችሁ ውሃውን ተመልከቱት። ጣና ስፋቱ እጅግ ትልቅ ቢሆንም እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራው እንኳ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘው ሲገቡበት ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል። ሞቃት ግራጫና ፈዛዛ ቡናማ ከሰማያዊው ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባሉ። ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ደግሞ ፈዛዛ ቢጫ ቡናማ ስለሆነች፣ ውሃውን ስትቀቡ ዙሪያዋን ጠብቃችሁ ነጭ ትታችሁላት በመጨረሻ ብትቀቧት ነጥራ ትታያለች።

በዘጌ ወይም በደቅ ደሴት ወደ ናርጋ ሥላሴ የሄዳችሁ በገዳማቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አይታችኋል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ባሠሯት ናርጋ የሚታየው፣ ሁለተኛው የጎንደር ዘመን የሚባለው አሣሣል፣ የፊትን ክብነት በጥላ ያወጣል፣ የሥዕሉንም ዳራ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ አድርጎ ያሸጋግራል። ማርከር የያዘ ተማሪ ከዚያ የሚቀስመው ብዙ አለ። በዕድሜ ግን አይወዳደሩም፤ በማርከራችን ውስጥ ያለው ማቅለሚያ በብርሃን ይፈዛል። የሠራችሁትን ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ በስካነር አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ ስካነሩም እጅግ ፈዛዛዎቹን ቀለሞች ስለሚያጠፋ ከዋናው ጋር አስተያዩት።

ሁለት ጫፍ ያላቸውን ማርከሮች አጋድማችሁ አስቀምጡ፤ ቆመው ከኖሩ ቀለሙ ወደ አንዱ ጫፍ ይወርዳል። ክዳናቸው ድምፅ እስኪያሰማ ይዘጋ። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከምድጃው ራቁ፤ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ረከቦቱ ከቀረበበት ክፍል ውስጥ ማርከር ከፍተው እንዳይቀመጡ አደራ። መስኮትም ይከፈት፤ ነፋሱ ቀለሙን ቢያደርቅባችሁም የተዘጋ ክፍል ሽታው ራስ ያሳምማል።

በየጠረጴዛችሁ ላይ አሥራ ሁለት ማርከሮችና ልትሠሩበት ያለው ወረቀት ተቀምጧል። የዛሬው ሥራ ሥዕል አይደለም፤ እያንዳንዱን ቀለም አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ደርባችሁ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ቀቡ፤ ቁጥሩን ከሥሩ ጻፉ፤ እስኪደርቅም ጠብቁ፤ ክዳኑ ላይ የሚታየው ቀለም ወረቀቱ ላይ ከሚወጣው ጋር አንድ ስላልሆነ ከነገ ጀምሮ የምትመርጡት ከዚያ ሰንጠረዥ ነው። ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።