ደብተሩ ላይ ማርክ አንስጥ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ድረስ ደሴን ብርዷን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ተማሪዎቻችን ክሊኒክ ውለው ማታ በሚጽፉት ደብተር ላይ ማርክ መስጠት እናቁም።

ለምን? አንድ ኬዝ ላንሳ። ከተማ ውስጥ የምትውል ላም ሆዷ ተነፍቶ ትመጣለች። ተማሪው የግራ ጎኗን መታ መታ ሲያደርገው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ሙቀቷ 38.5 ነው፣ ደህና ነው። በአፏ ቱቦ ያስገባል፣ አየሩ ይወጣል፣ ላሚቱ ቀለል ይላታል። ባለቤቷ መርቀውት ይሄዳሉ። ማታ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ላሚቱ ተነፍታ ነበር። ቱቦ አስገባን። ተሻላት።» እኛም 10 ከ10!

ግን ባለቤቷ ገመዱን እየፈቱ «ባለፈውም እንዲሁ ሆና ነበር» ብለው ነበር። ይቺ ነገር ደብተሩ ላይ የለችም። ደጋግማ የምትነፋ፣ ቆሻሻ ገንዳ ሥር ስትለቅም የምትውል ላም ሆዷ ውስጥ ፌስታል ሊኖር ይችላል። ፌስታል አይፈጭም፤ እየተጠቀለለ ይከማቻል፣ ሲበዛም ያለ ቀዶ ጥገና አይወጣም። ይህን ተማሪውም ያውቃል፤ ፈተና ላይ ቢመጣ አይስተውም። የጎደለው፣ የሰማውን ነገር መለስ ብሎ የሚያስብበት ምክንያት ነው። «ሰምቼ አለፍኩት፤ ለምን አለፍኩት?» ብሎ ቢጽፍ ማርክ ይቀነስብኛል ብሎ ይፈራል። እውነቱን ነው፣ እንቀንስበታለን! ስለዚህ እኛን ደስ የሚያሰኘንን ይጽፋል። አንዳንዱማ የጓደኛውን ገልብጦ የላሟን ቀለም ብቻ ይቀይራል።

ስንት ኬዝ እንዳየ የሚመዘገብበት ሎግ ቡክ ይቆይ፣ ማርኩም ለእሱ ይሁን። በሌላኛው ደብተር ግን ሦስት ጥያቄ ብቻ ይመልስ። መጀመሪያ ምን መሰለህ? ሐሳብህን ምን አስቀየረህ? ይህችው ላም ነገ ብትመለስ ምን ትጠይቃለህ? ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ የተላከው ናሙና ውጤቱ ሲመጣም ከመጀመሪያ ግምቱ ጎን ይለጥፈው። ከተማሪው ግምት ጋር ባይገጥም የበለጠ ይማርበታል።

«ማርክ ከሌለው ማን ይጽፋል?» ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ አይጽፉም፣ አልዋሻችሁም። መምህሩ ግን የራሱን ጽፎ ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው፣ በእነሱ ደብተር ላይም በቁጥር ፋንታ አንድ ጥያቄ ጽፎ ቢመልስ ነገሩ ይቀየራል። «ጎበዝ» የሚለውንም ባይጽፍ እመርጣለሁ፤ እሱም ያው ማርክ ነው።

ደግሞ ማታ ተቀምጦ ማሰብ የማይበቃበት ኬዝ አለ። አባ ሰንጋ። በሬው ደህና ውሎ በድንገት ሞቷል፣ ከአፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈሳል። ተማሪው ምክንያቱን ለማወቅ ቸኩሎ ሊከፍተው ይፈልጋል። ጎረቤት ደግሞ ሥጋው ገደል አይገባም ብሎ ቢላ ስሎ ቆሟል። ሬሳው ከተከፈተ ጀርሙ አየር አግኝቶ ስፖር የሚባል በቀላሉ የማይሞት ቅርጽ ይሠራል፤ ስፖሩ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፣ ሰውም ይይዛል። ሳይከፍቱ ከጆሮ ደም ሥር ጥቂት ደም ወስዶ በስላይድ መመርመር ይቻላል። ይህን ሁሉ እዚያ ቆሞ፣ ሰው ከቦት እየጮኸበት እንዲያስብ መጠበቅ የለብንም። መኪና ውስጥ ሳለን እንጠይቀው፦ «በሬው ሞቶ ቢጠብቀን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ቢላ የያዙትን አባት ምን ትላቸዋለህ?» ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። በየትኛውም ፈተናችን ላይ አይቼው አላውቅም።

መምህራን፣ ለዚህ ሴሚስተር አንድ የክሊኒክ ቡድን ብቻ ምረጡና ሞክሩት። ተማሪዎች፣ መምህራችሁ ደብተሩን የት እንዳደረሰ እናንተም ጠይቁት።

አመሰግናለሁ።